ኦቨርድራይቭ ከአምፑ ወይስ ከፔዳል? (15 ዋት ቲዩብ አምፕ፣ አንድ ቻናል)

ስድስት ክር፦

ሰላም ለሁላችሁ። ያለኝ አምፕ 15 ዋት ቲዩብ (ድምፁን በቫኪዩም ቱቦ የሚያጎላ) ነው፤ አንድ ቻናል ብቻ፣ ጌይን (መጀመሪያ ላይ ሲግናሉ የሚጎላበት)፣ ማስተር (የመጨረሻው ከፍታ)፣ ቤዝ፣ ሚድ፣ ትሬብል፣ ከኋላው ደግሞ ኤፌክት ሉፕ (በአምፑ ክፍሎች መሃል ፔዳል ማስገቢያ) አለው። ፓወር ቲዩቦቹ ሁለት ኢኤል84፣ ስፒከሩ አንድ ባለ 12 ኢንች። ጊታሩ ብሪጁ ጋ ሃምባከር፣ ኔኩ ጋ ሲንግል ኮይል ፒክአፕ (የክሩን ንዝረት ወደ ሲግናል የሚቀይር) አለው።

የምፈልገው ሦስት ድምፅ ነው፦ ጥርት ያለ ክሊን፣ ለሪትም ትንሽ ሻከር ያለ (ኦቨርድራይቭ የሚባለው)፣ ለሶሎ ደግሞ ኖታው ቶሎ የማይሞትበት። ቤት ውስጥ ማስተሩን ከ2 በላይ ማድረስ አይቻልም፤ ከባንድ ጋር ግን ከድራሙ እኩል መሰማት አለብኝ።

ጥያቄዬ፦ ጌይኑን ከአምፑ ልውሰድ ወይስ አምፑን ክሊን አድርጌ ሁሉንም ከፔዳል ላምጣ? ቤት ውስጥ ጌይኑን 7 ላይ ሳደርገው ድምፁ ይሳሳል፣ ከላዩም የሚንሿሿ ነገር አለው። የቲዩብ ስክሪመር ዓይነት ኦቨርድራይቭ ፔዳል ይህን ይፈታልኛል?

ትኩስ ቲዩብ፦

ከሁለቱም ውሰድ፣ ግን ለእያንዳንዱ ሥራውን ለይተህ ስጠው።

አምፑ ውስጥ ሲግናሉ የሚሻክረው አንድ ቦታ ላይ ብቻ አይደለም። መጀመሪያ ፕሪአምፑ (ደካማውን የጊታር ሲግናል የሚያጎላው የፊት ክፍል) ውስጥ ያሉት 12ኤኤክስ7 ቲዩቦች አሉ፤ እነሱን የሚገፋቸው የጌይን ማዞሪያው ነው። ቀጥሎ ሲግናሉን ለሁለቱ ፓወር ቲዩቦች የሚያካፍለው ቲዩብና ኢኤል84ቶቹ ራሳቸው ይመጣሉ፤ እነዚህ የሚነቁት ማስተሩ ከፍ ሲል ነው። ስፒከሩም ጠንክሮ ሲገፋ የራሱን ይጨምራል። ጌይን 7፣ ማስተር 2 ስታደርግ የሚሻክረው ፕሪአምፑ ብቻ ነው፣ የቀረው ሁሉ ተኝቷል። የሳሳውና የሚንሿሿው ድምፅ የመጣው ከዚያ ነው፤ አምፑ ችግር የለበትም።

ጆሮም ድርሻ አለው። ድምፅ ዝቅ ሲል ጆሯችን ቤዝና ትሬብሉን ከሚዱ ይልቅ አሳንሶ ይሰማል። ስለዚህ ሰው ቤት ውስጥ ሁለቱን ከፍ አድርጎ ሚዱን ይቀንሳል። ያንኑ ይዞ ባንድ ውስጥ ሲገባ ቤዙ ከቤዝ ጊታሩና ከእግር ከበሮው ጋር ይጋጫል፣ ትሬብሉ ሲምባሉ ሥር ይቀበራል፣ ጊታር የሚሰማበት ሚድ ደግሞ ተቀንሷል። የባንዱን አቀማመጥ በባንዱ ቮሊዩም ብቻ አስተካክል።

ለባንድ እንዲህ ጀምር። የጊታሩን ቮሊዩም 10 አድርግ፣ ብሪጅ ፒክአፑን ምረጥ፣ ቤዝ ሚድ ትሬብሉን ሁሉ 5 ላይ አቁም። ማስተሩን 6 ወይም 7 አድርሰው። ጌይኑን ከ1 ተነስተህ ቀስ እያልክ ጨምር፤ በየመሃሉ ስድስቱንም ክር አንዴ ለስለስ፣ አንዴ ጠበቅ አድርገህ ምታ። ለስለስ ያለው ክሊን ሆኖ ጠበቅ ያለው መሻከር የጀመረበት ቦታ ላይ አቁም። እንዲህ ዓይነት አምፕ ላይ ብዙ ጊዜ ከ3 እስከ 5 ባለው ውስጥ ታገኘዋለህ። የሪትም ድምፅህ ይህ ነው። ክሊን ስትፈልግ የጊታሩን ቮሊዩም ወደ 5 ወይም 6 መልሰው፤ አምፑ ራሱ ይጠራል።

ለሶሎ ፔዳሉን ጨምር፦ ድራይቭ (ፔዳሉ ራሱ የሚያሻክርበት) 1 ወይም 2፣ ቶን (የትሬብሉ መጠን) 5፣ ሌቭል (ከፔዳሉ የሚወጣው ከፍታ) 8። (ማዞሪያው ላይ ቁጥር ከሌለ ሙሉ ዙሩን ለ10 ከፍለህ ቁጠር።) ብዙ ሰው ተቃራኒውን ያደርጋል፤ ድራይቩን 7 አድርጎ አምፑንም ጌይን 6 ላይ ይተዋል። ሁለቱ ተደራርበው የሞገዱን ጫፍ ሲቆርጡ (መሻከሩ የሚመጣው ከዚህ ነው) ኮርዱ ውስጥ ያሉት ኖታዎች ይዋሃዳሉ፣ ጠንካራና ለስላሳ ምት አንድ ይሆናል፣ እጅህን ከክሩ ስታነሳ የሚቀረው ጫጫታ ብቻ ነው። ድራይቩን ዝቅ፣ ሌቭሉን ከፍ ስታደርግ ግን ፔዳሉ የመጀመሪያውን 12ኤኤክስ7 ይገፋዋል፤ የሚሻክረው አምፑ ነው፣ ምትህንም እየተከተለ ነው የሚሻክረው።

ቲዩብ ስክሪመር ለዚህ ሥራ የሚመረጥበት ምክንያት ሰርኪቱ ውስጥ ይታያል። ሲግናሉ በሚቆረጥበት ክፍል ላይ ያለው 4.7 ኪሎ ኦም ሬዚስተርና 0.047 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ማጉያው ከ720 ኸርዝ በታች እየቀነሰ እንዲሄድ ያደርጉታል። ወፍራሞቹ ክሮች ያን ያህል አይቆረጡም፣ አምፑም በቤዝ አይታፈንም። ከዚያ በኋላ ያለው የቶን ክፍል ላይኛውን ይገርዛል። የሚቀረው ጎላ ያለ ሚድ ነው፤ ሶሎን ከባንዱ በላይ የሚያወጣውም እሱ ነው።

የብየዳ ብረት፦

ለባንዱ ከላይ በተባለው እስማማለሁ። ለቤት ግን አልስማማም፤ እዚያ አምፑን መግፋት ትተህ ሙሉውን ሥራ ለፔዳሉ ስጠው።

ማስተሩ 2 ላይ እስካለ ድረስ ፓወር ቲዩቦቹ አይነቁም። ዋት መቀነስም ብዙ አያድንህም፤ 15 ዋቱን ወደ 7.5 ብታወርደው የሚቀንሰው 3 ዴሲቤል ነው፣ ለጆሮ በግማሽ ያነሰ እንዲመስል ወደ 1.5 ዋት መውረድ አለበት። በአምፑና በስፒከሩ መሃል የሚገባ፣ ኃይሉን የሚቀንስ አቴኑዌተር አለ፤ ይሠራል፣ ነገር ግን ኦሙ ከአምፑ መውጫ ጋር መግጠም አለበት፣ የሚችለው ዋትም ከአምፑ ዋት በላይ ይሁን። ከ10 ዴሲቤል በላይ ሲቀንስ ደግሞ ስፒከሩ ስለማይገፋ ድምፁ ይደርቃል። አንድ ነገር አደራ፦ ቲዩብ አምፕ ስፒከሩ ተነቅሎ አይበራም። መውጫ ትራንስፎርመሩ ጭነት ሲያጣ የሚፈጠረው ቮልቴጅ ትራንስፎርመሩን ሊያቃጥለው ይችላል።

ለቤት፦ ጌይን 2፣ ማስተሩ እስከሚፈቀድልህ፣ ፔዳሉ ላይ ድራይቭ ከ4 እስከ 6። ሌቭሉን ፔዳሉ ሲበራም ሲጠፋም ድምፁ እኩል እስኪሆን አስተካክል። ይህን የማያደርግ ሰው ሌቭሉ ከፍ ያለውን ፔዳል ሁልጊዜ "የተሻለ" ይለዋል፤ የሰማው ግን ከፍታውን ብቻ ነው።

ፔዳል ከመግዛትህ በፊት አቆራረጡን እወቅ። ቲዩብ ስክሪመር ላይ ሲግናሉን የሚቆርጡት ዳዮዶች ማጉያው ራሱ ዙሪያ ላይ ናቸው፤ የሞገዱ ጫፍ ይለሰልሳል፣ ካልተቆረጠው ሲግናልም ትንሽ አብሮ ያልፋል። ቦስ ኤስዲ-1 የተባለው ፔዳል ተመሳሳይ አሠራር አለው፣ ልዩነቱ በአንዱ አቅጣጫ ሁለት፣ በሌላው አንድ ዳዮድ መኖሩ ነው፤ የላይና የታች ጫፎቹ እኩል ስለማይቆረጡ ትንሽ ለየት ያለ ሸካራነት አለው። ራት የተባለው ፔዳል ደግሞ ዳዮዶቹን ከማጉያው በኋላ ወደ ግራውንድ ያወርዳቸዋል፤ ጫፉ ቀጥ ብሎ ይቆረጣል፣ ሸካራነቱም የከበደ ነው። ራት ላይ ፊልተር የተባለው ማዞሪያ ወደ ቀኝ ሲዞር ድምፁን የሚያጨልም እንጂ የሚያበራ አይደለም፤ ይህን ባለማወቅ ብዙ ሰው ፔዳሉን ይጠላዋል። ላንተ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ይበቃሉ፤ ራት አምፑ ክሊን ሆኖ ሙሉ ሸካራነት ከፔዳል ለሚፈልግ ነው።

ከፔዳሉ በቀጥታ ወደ ሚክሰር ወይም ወደ ኢርፎን አትግባ። የጊታር ስፒከር ከ5 ኪሎ ኸርዝ በላይ ያለውን በብዛት ይቆርጠዋል፤ ያ ስፒከር ሲጠፋ ያልተገረዘው ትሬብል ሁሉ እንደ ተርብ ይነዝርብሃል። ካቢኔት የሚያስመስል መሣሪያ ወይም ፕሮግራም መሃል ላይ ያስፈልጋል።

ስድስት ክር፦

ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ፣ በጣም ረድቶኛል። ከባንዱ ጋር የሪትሙ ድምፅ በትክክል መጥቷል። ሦስት ነገር ቀረ፦

ፔዳሉን ለሶሎ ስጫነው መሻከሩ ይጨምራል፣ ኖታውም ይረዝማል፣ ከፍታው ግን አይጨምርም። ሌቭሉን 10 ባደርገውም ያው ነው።

የጊታሩን ቮሊዩም 6 ሳደርገው ክሊን ይሆናል፣ ግን ጨለም ይላል።

ሦስተኛው፣ ፔዳሉ ሲበራ ቀጭን ፉጨት ይሰማል። ድምፁን ከሚደጋግመው ዲጂታል ዲሌ ፔዳሌ ጋር አንድ አዳፕተር ነው የሚጋሩት።

ሙሉ ዙር፦

የመጀመሪያውን እኔ ልመልስ፤ እዚህ ፎረም ላይ በተደጋጋሚ የሚነሳ ነገር ነው።

ፕሪአምፑ አስቀድሞ እየቆረጠ ከሆነ ከፊቱ የምትጨምረው ሌቭል ሁሉ ወደ መቆረጥ ይለወጣል። ጣሪያው አልተነሳም፣ ከሥሩ ያለው ብቻ ተሞላ። ከፍታ እንዲጨምር ሲግናሉን የሚያሳድገው ነገር ከሚቆርጠው ክፍል በኋላ መምጣት አለበት። ኤፌክት ሉፕ ስላለህ ዕድለኛ ነህ፤ ሉፑ በፕሪአምፑና በፓወር አምፑ መሃል ነው።

እዚያ ክሊን ቡስት (ሳያሻክር የሚያጎላ ፔዳል) ወይም ግራፊክ ኢኩዋላይዘር (ድምፁን በየኸርዙ ከፍ ዝቅ የሚያደርግ) አስገባ። ቦስ ጂኢ-7 ከሆነ 800 ኸርዙን በ3 ወይም 4 ዴሲቤል ከፍ አድርግ፣ 100ውን በ3 ቀንስ፣ ሌቭሉን በ4 ዴሲቤል ያህል ጨምር። ከ3 ዴሲቤል በታች ባንድ ውስጥ አይታወቅም፤ ከ6 በላይ ደግሞ ሌላውን ሰው ይሸፍናል። የሉፑ ሲግናል ለፔዳል የሚበዛ ከሆነ ኢኩዋላይዘሩ ራሱ ደስ በማይል መንገድ ይሻክራል፤ ከአምፑ ኋላ ሉፑን ዝቅ የሚያደርግ ማብሪያ ካለ ያንን ተጠቀም።

ይህ የሚሠራው ግን ፓወር ቲዩቦቹ ጋ ቦታ ከተረፈ ነው። ማስተሩ 7 ላይ ሆኖ ሁለቱ ኢኤል84 አፋፍ ላይ ከደረሱ ከሉፑ የሚመጣው ቡስትም ወደ መሻከር ይገባል። በዚህ ጊዜ ማስተሩን ወደ 4 ወይም 5 አውርደህ አምፑ ፊት ማይክ አቁም፣ ቀሪውን ከፍታ ሚክሰሩ ይስጥህ። ማይኩን የስፒከሩ መሃል ላይ ካለው ቆብ ጠርዝ ጋ አነጣጥር፤ ወደ መሃል ሲጠጋ ይሾላል፣ ወደ ውጭ ሲወጣ ይጨልማል። 15 ዋትን በ30 ዋት መቀየር ልዩነቱ 3 ዴሲቤል ስለሆነ ማይኩ ይሻልሃል።

ምንም መግዛት ካልፈለግህ ሌላም መንገድ አለ፦ ሪትሙን የጊታሩ ቮሊዩም 7 ላይ ሆኖ አስተካክለው፣ ለሶሎ ወደ 10 ውሰደውና ፔዳሉን ጨምርበት። የሚገኘው ጭማሪ ከሉፑ ያነሰ ነው፣ ግን ይሰማል።

የብየዳ ብረት፦

ጨለም ማለቱ የሚመጣው ከገመዱ ነው። የጊታር ገመድ በሜትር 100 ፒኮፋራድ አካባቢ ካፓሲታንስ አለው፤ ባለ 6 ሜትሩ 600 ገደማ ማለት ነው። ቮሊዩሙ ሲወርድ በፒክአፑና በገመዱ መሃል የሚገባው ሬዚስታንስ ስለሚጨምር ትሬብሉ በገመዱ በኩል ወደ ግራውንድ ይፈሳል። መጀመሪያ በ3 ሜትር ገመድ ሞክር። ካልበቃ የቮሊዩም ፖቱ (ከማዞሪያው ሥር ያለው ክፍል) ላይ ትሬብል ብሊድ (ትሬብሉን የሚያሳልፍ) በይድ፦ 1 ናኖፋራድ ካፓሲተርና 150 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ጎን ለጎን ታስረው ከፒክአፑ የሚመጣው ሽቦ በሚገባበት እግርና በመሃለኛው እግር መካከል ይገባሉ። ሬዚስተሩን ትተህ ካፓሲተሩን ብቻ ካደረግህ ቮሊዩሙ ሲወርድ ድምፁ ከሚገባው በላይ ይቀጥናል። ብየዳው ፈጣን ይሁን፤ ብረቱን ፖቱ እግር ላይ ከ3 ሰከንድ በላይ አታቆይ፣ ውስጡ በሙቀት ይጎዳል። ይህ ጊታሩ ውስጥ ስለሆነ አደጋ የለውም። አምፑን ግን ለምንም ነገር ራስህ አትክፈተው፤ ውስጡ ከ300 ቮልት በላይ አለ፣ ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም ካፓሲተሮቹ ይዘውት ይቆያሉ።

ፉጨቱ ከዲሌው ነው። ዲጂታል ፔዳል ውስጥ የሚሠራው ክሎክ (ሥራውን በምት የሚያስኬደው ሲግናል) በጋራ አዳፕተሩ መስመር ወደ ኦቨርድራይቩ ያልፋል፣ ኦቨርድራይቩም ከሲግናሉ ጋር አብሮ ያጎላዋል። ለማረጋገጥ ኦቨርድራይቩን በ9 ቮልት ባትሪ ብቻ አስነሳ። ፉጨቱ ከጠፋ እያንዳንዱ መውጫው ለብቻው የተለየ ፓወር ሰፕላይ ያስፈልግሃል። ኦቨርድራይቩ የሚወስደው ጥቂት ሚሊ አምፔር ነው፣ ዲሌው ግን ከ100 ሊያልፍ ስለሚችል መውጫውን ስትመርጥ ጀርባው ላይ የተጻፈውን እይ። መሃሉ ኔጌቲቭ መሆኑንም አረጋግጥ፤ 18 ቮልት እንደሚችል ካልተጻፈበት 18 ቮልት አትስጠው።

ትኩስ ቲዩብ፦

ዲሌው አሁን ከአምፑ ፊት ከሆነ እሱንም ወደ ሉፑ አዛውረው፣ ከኢኩዋላይዘሩ በኋላ። ከፊት ሲሆን ድግግሞሾቹ ራሳቸው ፕሪአምፑ ውስጥ ገብተው ይሻክራሉ፣ ከዋናው ኖታ ጋርም ይጣላሉ። ኦቨርድራይቩ ግን ከፊት ይቆይ፤ ሉፑ ውስጥ ካስገባኸው 12ኤኤክስ7ቶቹን የሚገፋ ነገር አይኖርህም።