ላፕቶፕ በሞባይል ዳታ ለምንጠቀም ሰዎች ገደብ ያለው ጥቅል ያዋጣል ወይ?

ተከራዩ፦

ሰላም ቤተሰብ። አዲስ አበባ ነው የምኖረው፣ የምሠራው ከቤት ነው፤ ትርጉም እና ትንሽ ግራፊክስ። ቤቱ የኪራይ ነው፣ አከራያችን ደግሞ ግድግዳ ተበስቶ ገመድ እንዲገባ አይፈልጉም። (እውነቱን ለመናገር እኔም በሚቀጥለው ዓመት እዚህ ቤት እንደምቆይ እርግጠኛ አይደለሁም።) ስለዚህ ስልኬን ሆትስፖት አድርጌ ላፕቶፑን በሱ ነው የማገናኘው።

ችግሩ ምን መሰላችሁ፣ ስልክ ላይ ብቻ ስጠቀም ወር የሚያደርሰኝ ጥቅል ላፕቶፑ ከተገናኘ ሳምንትም አይቆይም። ፊልም አላይም፣ ጌም አልጫወትም። ኢሜይል፣ ጉግል ድራይቭ፣ በሳምንት አንድ ሁለቴ የዙም ስብሰባ፣ በቃ። ሥራ ሲቀዘቅዝ ደግሞ በሌላ በኩል ይመጣብኛል፤ ግማሹን ሳልነካው ቀኑ ያልፍና ይቃጠላል። ስጠቀም ያልቃል፣ ሳልጠቀም ይቃጠላል።

እና ጥያቄዬ፣ ይሄ አሠራር ለላፕቶፕ ተጠቃሚ ፍትሐዊ ነው ትላላችሁ? ወይስ ላፕቶፕ በሞባይል ዳታ መጠቀም ራሱ የማይሆን ነገር ነው? በናታችሁ «ሌቦች ናቸው» ብላችሁ ብቻ አትለፉ፤ እሱን ሰፈርም እሰማዋለሁ።

ዋይፋይ ጠጋኝ፦

ወንድሜ፣ ስለ ፍትሕ ከማውራታችን በፊት ዳታህን ማን እየበላው እንደሆነ እንወቅ። ዊንዶውስ ከሆነ ሴቲንግ ግባ፣ ኔትወርክ ውስጥ «ዳታ ዩዜጅ» የሚል አለ፤ ባለፉት 30 ቀናት እያንዳንዱ ፕሮግራም ስንት እንደወሰደ ይነግርሃል። ብዙ ሰው እዚያ ሲገባ ነው የሚደነግጠው።

ዋናው ነገር ይሄ ነው። ላፕቶፑ ሆትስፖትህን ብዙ ጊዜ እንደ ማንኛውም ዋይፋይ ነው የሚያየው። ብር እየተቆጠረበት መሆኑን አያውቅም። ስለዚህ አፕዴት ያወርዳል፣ ዋንድራይቭ (የማይክሮሶፍቱ የኢንተርኔት ፋይል ማስቀመጫ) ፎቶ ይጭናል፣ ክሮም ራሱን ያድሳል፣ አንቲቫይረሱም የራሱን ያወርዳል፣ አንተ ኢሜይል እያነበብክ። መድኃኒቱ የሆትስፖቱ ዋይፋይ ፕሮፐርቲስ ውስጥ ገብቶ «ሜትርድ ኮኔክሽን» (ዳታው የሚቆጠር መስመር) የሚለውን ማብራት ነው። ትልልቆቹን አፕዴቶች ያቆማል፣ ዋንድራይቭም ማመሳሰሉን ያቆማል። ማክ ከሆነ ደግሞ «ሎው ዳታ ሞድ» አለው።

ድራይቭህንም እየው። ሙሉውን ፎልደር ኮምፒውተርህ ላይ እንዲገለብጥ አድርገኸው ከሆነ ሰው አንድ ፋይል በቀየረ ቁጥር ያወርድልሃል። ያንተ የግራፊክስ ፋይልም ሴቭ ባደረግክ ቁጥር ወደ ላይ ይጫናል፣ መጫኑም ከጥቅሉ ነው የሚቀነሰው። ይሄን ብዙ ሰው ይረሳዋል።

ዊንዶውስ 11 ልጭን ብለህ ደግሞ በሞባይል ዳታ እንዳትሞክረው። ፋይሉ ብቻውን ከ5 ጂቢ በላይ ነው። ጥሩ ኢንተርኔት ያለው ጓደኛ ጋ ሂድና 8 ጂቢ ፍላሽ ላይ አስገልብጥ።

ሒሳብ ወዳድ፦

ጠጋኙ ያለው ልክ ነው ግን ጥያቄውን አልመለሰም። ሁሉንም አጥፍቶ እንኳ ላፕቶፕ ላፕቶፕ ነው።

እስቲ በግምት እንቁጠረው። የዙም የቡድን ስብሰባ በቪዲዮ ሲሆን በሰዓት ከ800 ሜጋ ባይት ገደማ ጀምሮ እስከ 2.4 ጂቢ ሊወስድ ይችላል፣ እንደ ጥራቱ። በሳምንት 2 ሰዓት ብንል፣ ዝቅተኛውን ይዘን፣ በወር ወደ 7 ጂቢ። ድረ ገጽና ኢሜይል በቀን 6 ሰዓት፣ በሰዓት 70 ሜጋ ብንል በ24 የሥራ ቀን 10 ጂቢ። አፕዴት 4፣ ድራይቭ 5። ድምሩ 26 ጂቢ ነው፣ አንድም ፊልም ሳታይ።

አሁን ይሄን ከዓለም አቀፉ መለኪያ ጋር አስተያዩት። የተባበሩት መንግሥታት የብሮድባንድ ኮሚሽን ኢንተርኔት «ተመጣጣኝ» ነው የሚለው የመነሻ ጥቅል ዋጋ ከወር ነፍስ ወከፍ ገቢ 2 በመቶ በታች ሲሆን ነው። ጥሩ። ግን በ2021 (እ.ኤ.አ.) የሞባይል ዋጋ ሲነጻጸር የተያዘው ጥቅል 2 ጂቢ ነበር። 2 ጂቢ ላንተ ሁለት ስብሰባ ነው! መለኪያው ራሱ የተሰፋው በስልክ ልክ ነው። «ዋጋው ተመጣጣኝ ሆኗል» የሚል ዜና ስትሰማ ለማን ብለህ ጠይቅ።

እኔ ዋጋ የማወዳድረው በጂቢ አይደለም፣ በሥራ ሰዓት ነው። የአንዱን ጂቢ ዋጋ ስብሰባው በሰዓት በሚወስደው ጂቢ አባዛው። ከዚያ በሰዓት ስንት እንደምታገኝ ጎን ለጎን አስቀምጠው። ከገቢህ ትንሽ ቁራሽ ከሆነ ዝም ብለህ ሥራ፣ ካልሆነ ለደንበኛህ ዋጋ ስትሰጥ ጨምርበት። ወረቀትና ቀለም እንደምታስከፍለው ዳታም አስከፍል። ይሄን የሚያደርግ ፍሪላንሰር ለምን እንደሌለ አይገባኝም።

የወልድያዋ፦

አዲስ አበባ ያላችሁ ሰዎች ምርጫ አላችሁ እኮ። ተከራዩ፣ የቤቱ መደበኛ መስመር የሚሸጠው በፍጥነቱ መጠን ስለሆነ ጂቢ አይቆጠርብህም፤ አከራይህን በደንብ ብትለምናቸው ይሻልሃል። እኔ አስተማሪ ነኝ፣ ማስተርሴን በርቀት ነው የምማረው፣ ያለሁበት ሰፈር መስመር የለም። ሞባይል ዳታ ወይ ምንም።

የማደርገውን ልንገራችሁ። የሌሊት ጥቅል እገዛለሁ። የሌክቸር ቪዲዮዎቹን ከሌሊቱ 6 ሰዓት በኋላ በ480 ጥራት አወርዳለሁ፣ ጠዋት ያለ ኢንተርኔት አያለሁ። ፒዲኤፎቹንም እንደዚያው። ቀን ላይ ላፕቶፑን አላገናኝም፤ መጻፍ ያለብኝን ጽፌ ለመላክ ብቻ ሁለት ደቂቃ አበራዋለሁ። ስብሰባ ካለ በስልክ፣ ካሜራ አጥፍቼ፣ ድምፅ ብቻ። ድምፅ ብቻ ሲሆን በሰዓት 100 ሜጋም አይሞላም።

ፍትሐዊ ነው ወይ ላልከው አይደለም። እንቅልፌን ሸጬ ነው ዳታ የምገዛው። ግን ይሠራል።

ታወር ላይ የዋለ፦

እኔ ኔትወርክ ላይ ስለሠራሁ የማይወደድ ነገር ልናገር፤ ገደቡ ተገቢ ነው።

አንድ አንቴና የሚሰጠው አቅም በሥሩ ላሉት ሁሉ የሚከፋፈል ነው። ለምሳሌ 100 ሜጋ ቢት በሰከንድ ቢኖረውና 50 ሰው በአንዴ ቢያወርድ ለእያንዳንዱ 2 ይደርሰዋል። ስልክ የያዘ ሰው ትንሽ ያይና ኪሱ ይከታል። ላፕቶፕ ግን ከተለቀቀ አይጠግብም። በሰከንድ 10 ሜጋ ቢት እያገኘ ያለማቋረጥ ቢያወርድ በሰዓት 4.5 ጂቢ ነው (8 ቢት አንድ ባይት ነው)። ገደብ ባይኖር አምስት ስድስት እንደዚህ ዓይነት ሰው መንደሩን በሙሉ ያስለቅሳል። ማታ 12 ሰዓት ላይ ሜክሲኮ የታክሲ ሰልፍ አይታችሁ የለ? ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ያው መንገድ ባዶ ነው። የሌሊት ጥቅል የሚረክሰውም ለዚህ ነው። ወጪውን የሚያመጣው ጂቢው ሳይሆን ሁሉም በአንዴ የሚመጣበት ሰዓት ነው። ታወሩ ደግሞ መብራት ሲጠፋ ናፍጣ ይጠጣል፣ ዕቃው በውጭ ምንዛሬ ነው የሚገባው።

የአገልግሎት ማብቂያ ቀኑን ግን እኔም አልከራከርለትም። ሳትጠቀምበት የቀረህ ጂቢ ታወሩን አልነካውም። እሱ የኢንጂነር ሥራ አይደለም፣ የሽያጭ ክፍል ሥራ ነው።

ሒሳብ ወዳድ፦

@ታወር ላይ የዋለ፣ እዚህ ላይ ትንሽ ልቃወምህ። ሁሉም ሰው የገዛውን አሟጦ ቢጠቀም ኖሮ የጥቅሉ ዋጋ እዚህ ላይ አይሆንም ነበር። የሚቃጠለው ዳታ ውስጡ ተሰልቷል። ስለዚህ ቀኑ ረዘም ያለ ጥቅል በጂቢ ትንሽ ቢወደድም ሥራው ወጣ ገባ ለሚል ሰው ያተርፋል። ተከራዩ የተጎዳው የወር ሥራ ሳይኖረው የወር ጥቅል እየገዛ ነው።

ደግሞ ዋጋ አይቀንስም አትበሉ። ነሐሴ 2010 ላይ ኢትዮ ቴሌኮም የሞባይል ኢንተርኔት ታሪፍን በ43 በመቶ ነው የቀነሰው። መስከረም 2015 ላይ ሳፋሪኮም አዲስ አበባ ሥራ ሲጀምር ደግሞ ሁለት ሲም መያዝ ትርጉም አገኘ። ሁለቱንም ያዝና በዚያ ሳምንት ያዋጣህን ግዛ።

ፍራንክፈርት ያለው፦

ከሩቅ ልግባ። እዚህ ጀርመን ውስጥ ይሄው ክርክር ፍርድ ቤት ደርሶ ነበር። የስልክ ኩባንያው ቮዳፎን «ፓስ» የሚል ነገር ይሸጥ ነበር፤ የመረጥካቸው አፖች ከጥቅልህ አይቆጠሩም። ግን ስልኩ ላይ ስትጠቀም ብቻ! ያንኑ ቪዲዮ በሆትስፖት ላፕቶፕህ ላይ ስታየው ከጥቅሉ ይቀነሳል። ያው ሲም፣ ያው ዳታ፣ ስክሪኑ ስለሰፋ ብቻ።

የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት ሉክሰምበርግ ላይ ሴፕቴምበር 2 ቀን 2021 (እ.ኤ.አ.) ይሄ አሠራር ከክፍት ኢንተርኔት ሕጉ ጋር እንደማይሄድ ወሰነ። በቀጣዩ ዓመት የጀርመን ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት የቮዳፎኑንም የዶይቸ ቴሌኮምን «ስትሪም ኦን» የሚባለውንም መሸጥ ከለከለ።

ይሄን የማነሳው ለተከራዩ ጥያቄ መልስ ስላለው ነው። በጂቢ መገደብ አንድ ነገር ነው፣ ስትገዛው ታውቀዋለህ። የገዛኸውን ጂቢ በየትኛው ዕቃ እንደምትጠቀምበት መወሰን ግን ሌላ ነው፣ እሱ እዚህ ተከልክሏል። አሜሪካ ያለ የአክስቴ ልጅ ስልኩ ገደብ የለውም፣ ሆትስፖቱ ግን የተወሰነ ጂቢ ካለፈ ይንቀራፈፋል። ለአንድ አፕ ብቻ የሆነ ጥቅል የምትገዙ ከሆነ ላፕቶፕ ላይም ይሠራ እንደሆነ መጀመሪያ ጠይቁ። ሆትስፖት ላይ ተቀንሶባችሁ ካያችሁ ደግሞ ዝም አትበሉ።

ተከራዩ፦

እናመሰግናለን ሁላችሁም። ሜትርድ የሚለውን አበራሁት። ዳታ ዩዜጁን ሳየው የመጀመሪያው ድራይቭ ነው፣ ከዙምም በልጦ። የደንበኛዬ ባልደረቦች የሚጭኗቸው ቪዲዮዎች ሁሉ ለካ እኔ ጋ እየወረዱ ነው። ከነሱ ጋር የትርጉሙን ፎልደር ብቻ እንዲያጋሩኝ ተነጋግረናል።

የታወሩን ሰውዬ ክርክር ተቀብያለሁ፣ ገደቡ ይሁን። የማብቂያ ቀኑን ግን አልቀበልም፤ ሒሳብ ወዳድ ያለው ገብቶኛል፣ ቢሆንም ያናድዳል። የወልድያዋ፣ አንቺን አድንቄሻለሁ፣ እኔ ግን ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ የምነቃ ሰው አይደለሁም።

ዋይፋይ ጠጋኝ፦

መንቃት አያስፈልግህም እኮ፣ ዳውንሎድ ማናጀር ጫንና ሰዓቱን ሙላው። ላፕቶፑ ስሊፕ እንዳይገባ ብቻ አድርግ።

ተከራዩ፦

እሺ እሞክረዋለሁ። የመጨረሻ ጥያቄ፣ ሲም የሚገባበት የ4ጂ ራውተር ገዝታችሁ የምትጠቀሙ አላችሁ? ቡልቡላ አካባቢ ማታ ማታ ፍጥነቱ እንዴት ነው?

ሒሳብ ወዳድ፦

ቡልቡላ ነው የምኖረው። ጠዋት አሪፍ ነው። ማታውን ታወር ላይ የዋለውን ጠይቀው 😂