ረጋ ብሎ መኖር ላቃተው ሰው ምክር እሻለሁ

የተከበራችሁ አንባብያን፣

በአዲስ አበባ በአንድ የግል ድርጅት በሒሳብ ሠራተኛነት የምሠራ ሰው ነኝ። የደረጃ «ሀ» ግብር ከፋዮች ዓመታዊ ግብራቸውን እስከ ጥቅምት 30 አሳውቀው መክፈል ስላለባቸው ከሐምሌ ጀምሮ ያሉት አራት ወራት የጥድፊያ መሆናቸው አይገርመኝም፤ የቸገረኝ ኅዳር ከገባ በኋላም ጥድፊያው ከእኔ አለመውጣቱ ነው። እሑድ ቡና ተፈልቶ አቦሉ ሲቀዳልኝ ለቴሌግራም መልእክት መልስ ስጽፍ ይቀዘቅዛል፤ ቶናውን ሳልጠብቅ እነሣለሁ፣ በረካውንማ ከጠጣሁ ቆይቻለሁ። ባለቤቴ መውቀሱን ትታ ሲኒዬን ዝም ብላ ታነሣለች፤ ይህ ደግሞ ከወቀሳው ይልቅ ያሳስበኛል።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛውን የሥራ ጊዜ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ እንደሚገድብ፣ ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመትም 16 የሥራ ቀናት የዓመት ፈቃድ እንደሚፈቅድ አውቃለሁ። ይሁን እንጂ ደመወዜ ለወሩ ስለማይበቃ ፈቃድ ወጥቼም የሌላ ድርጅት ሒሳብ ስሠራ እገኛለሁ፤ «ትንሽ ዕረፍ» የሚለው ምክር (ከልብ እንደሚባል ባውቅም) የማይጠቅመኝ በዚህ የተነሣ ነው።

ስለዚህ ገቢያችሁ ሳይቀንስ፣ ወይም ቅናሹን ቤተሰብ በሚችለው መጠን ወስናችሁ፣ ከዚህ ዓይነቱ ሩጫ የወጣችሁ ካላችሁ መጀመሪያ የትኛውን ሥራ እንደ ተዋችሁ ብትጽፉልኝ እወዳለሁ። በተለይም ከሥራ ሰዓት ውጭ ስልክ አለማንሣቴን አለቃዬ ስንፍና አድርጎ እንዳይወስድብኝ እንዴት ላስረዳው እንደምችል የሚነግረኝ ባገኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።