ገዳዮቹ ያነሷቸውን ፎቶዎች እንዴት እንስቀላቸው?

ሰላም ለሁላችሁ። ስለ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ጭፍጨፋ አነስተኛ ኤግዚቢሽን እያዘጋጀን ነው፤ የተቸገርነው በፎቶዎቹ ነው። በእጃችን ካሉት 12 ፎቶዎች ዘጠኙን ለማስታወሻ ብለው ያነሱት ራሳቸው የፋሺስት ወታደሮች ናቸው። ካሜራው የቆመው በገዳዩ በኩል ስለሆነ ተመልካቹም ሳያውቀው እዚያው ይቆማል።

መጀመሪያ በ60 በ90 ሴንቲ ሜትር አሳተምናቸው። ሬሳው ግድግዳውን ሞላው፣ የጎኑን ጽሑፍ ማንም አላነበበውም። በ13 በ18 ሲሆን ሰው ጠጋ ብሎ፣ ጎንበስ ብሎ ያያል፤ ይሄ በጣም ይሻላል። የሟቾቹን ፊት ማደብዘዝ ትተናል፤ ስሙ ለጠፋ ሰው ፊቱንም መንሳት ሁለተኛ በደል ነው። አንዱ ፎቶ ጠርዝ ላይ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ፈገግ ያለ ወታደር አለ። እሱንም አንቆርጠውም፣ ማስረጃው እሱ ነውና።

የስድስት ኪሎ ሐውልት ላይ የተቀረጹት ምስሎች ያንኑ ስቃይ ያሳያሉ፤ ቀራጮቹ ግን ከተጠቂው ጎን ቆመዋል። ጎን ለጎን ብናደርጋቸው ልዩነቱ በራሱ ይናገራል ወይስ ቅርጹ የፎቶውን ጭካኔ ያለዝበዋል?

መግለጫውስ ከየት ይጀምር፦ ከሟቹ ወይስ «ማን አነሳው፣ ለምን» ከሚለው? የሟቾች የልጅ ልጆች ይመጣሉ። በር ላይ ማስጠንቀቂያ መለጠፍ ይበቃል ወይስ እያንዳንዱ ፎቶ ፈልገው የሚገልጡት መጋረጃ ይኑረው? በዚህ ሥራ ያለፋችሁ፣ እባካችሁ ምከሩን።