ለፒያሳ ማተሚያ ቤት ሶላር ልናስገባ ነው፤ ትራንስፎርመሩ ስንት ኬቪኤ (የአቅም መለኪያው) ይሁን?

ቀለምና ወረቀት (ጠያቂ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ፒያሳ ከአባቴ የተረከብኩት ትንሽ ማተሚያ ቤት አለኝ። ሥራ መሃል መብራት እየሄደ ስንት ወረቀት እንደጣልን አልነግራችሁም። አሁን ጣሪያው ላይ ሶላር ልናስገባ ነው። ኢንቨርተሩ (የፓኔሉንና የባትሪውን ኃይል ማሽን ወደሚጠቀምበት መብራት የሚቀይረው) 30 ኪሎዋት ሃይብሪድ፣ ሦስት ፌዝ፣ ከነባትሪው።

ችግሩ ማሽኑ ነው። ከጃፓን የመጣ ያገለገለ ኦፍሴት ነው፤ የሚሠራው በ200 ቮልት ሦስት ፌዝ ነው። ስለዚህ ከአባቴ ጊዜ ጀምሮ ከ380 ወደ 200 የሚያወርድ ትራንስፎርመር ጓዳ ውስጥ አለ። እሱም ያገለገለ ነው። ቀኑን ሙሉ እንደ ንብ ቀፎ ያጉረመርማል። ማሽኑ ቆሞ እንኳን እጅ አያስነካም። ድመታችን ብቻ ናት የወደደችው፤ ክረምቱን ከጎኑ ተኝታ ነው የምታሳልፈው።

ሶላሩን የሚሸጥልን ሰው «ይሄን ጣይውና 100 ኬቪኤ ግዢ፣ ሕንፃው በሙሉ በሱ ይለፍ» አለኝ። ሌላው ደግሞ «ኢንቨርተሩ ውስጥ ትራንስፎርመር አለ፣ ምንም አትግዢ» ይላል። ማንን ልስማ? የማሽኑ ፕሌት (መለያ ሰሌዳው) 200 ቮልት፣ 18 ኪሎዋት፣ 50/60 ኸርዝ ይላል። የቀረው ኮምፒውተር፣ መብራትና በ380 የሚሠራ የወረቀት መቁረጫ ነው።

ሶላር ሠሪው፦
እህቴ፣ ሁለቱም ግማሽ ግማሹን ነው የነገሩሽ።

እኛ አገር ብዙ ነገር «ትራንስፎርመር» ይባላል። ምሰሶ ላይ ያለው ከ15,000 ቮልት ወደ 380 የሚያወርደውም፣ ከአሜሪካ ለመጣ ዕቃ 110 የሚሰጠው ሣጥንም፣ አንዳንድ ኢንቨርተር ሆድ ውስጥ ያለውም። ሥራቸው ግን ለየቅል ነው። ኢንቨርተር ውስጥ ያለው የባትሪውን ቮልት ለማሳደግ ነው። በዚያ ላይ አሁን የሚመጡት የዚህ መጠን ሃይብሪዶች አብዛኞቹ ትራንስፎርመር የላቸውም። ቢኖራቸውም 200 ቮልት አይሰጡሽም። ስለዚህ «ምንም አትግዢ» ያለሽ ተሳስቷል።

«ሕንፃው በሙሉ በሱ ይለፍ» ያለውም ልክ አይደለም። ኢንቨርተሩ የሚሰጠው 380/400 ነው፤ ሕንፃሽም የሚፈልገው እሱን ነው። 200 የሚፈልገው ማሽኑ ብቻ ነው። ትራንስፎርመሩ ከማሽኑ ብሬከር በኋላ ይግባ፣ ሌላው ሁሉ በቀጥታ ይሂድ።

አንድ ነገር ግን አደራ። መብራት ሲሄድ ኢንቨርተሩ ከመስመሩ ሙሉ በሙሉ መቆረጡን አስፈትሺ። የምሰሶው ትራንስፎርመር በሁለቱም በኩል ይሠራል። አንቺ ከታች 380 ከላክሽበት ላይ 15,000 ያደርገዋል። መስመር ጠፍቷል ብሎ ምሰሶ ላይ የወጣ ሠራተኛ ሊኖር ይችላል።

ጋሽ ብሬከር፦
ልጄ፣ እኔን ያሳሰበኝ የጓዳው ነው። ማሽን ሳይሠራ የሚግል ትራንስፎርመር ጤነኛ አይደለም። እስቲ አቧራውን ጥረጊና ፕሌቱ ላይ ያለውን ቁጥር ሁሉ ጻፊልኝ። በተለይ ኸርዙን።

ቀለምና ወረቀት፦
ጋሼ፣ ጠርጌ አየሁት። ስንት ዓመት የቻይና ነው ስንል ኖረን ፊደሉ ሌላ ነው፤ ክብና መስመር የበዛበት። ቁጥሩ ግን ይነበባል። 50 ኬቪኤ፣ 380/200 ቮልት፣ 60 ኸርዝ።

ጋሽ ብሬከር፦
በቃ፣ ተያዘ!

ፊደሉ የኮሪያ ነው። ኮሪያ እንደኛ 380 ቮልት ትጠቀማለች፣ ግን በ60 ኸርዝ። እኛ 50 ነን። የሸጠላችሁ ሰው 380 የሚለውን አይቶ «ይሆናል» ብሎ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኸርዝ ማለት በሰከንድ የሚመላለሰው ሞገድ ቁጥር ነው። ኸርዙ ሲቀንስ እያንዳንዱ ሞገድ ይረዝማል፤ ትራንስፎርመሩ ውስጥ ያለው ብረት የሚሸከመው መግነጢስም ይጨምራል። ከ60 ወደ 50 ሲወርድ ጭማሪው 20 ከመቶ ነው። አምራቹ ደግሞ ብረቱን የሚለካው ለልኩ ነው፣ ትርፍ አይሰጥሽም። 50 ኪሎ የሚይዝ ጆንያ ላይ 60 ኪሎ እንደመጠቅጠቅ ነው። ብረቱ ሲጠግብ ባዶውን ብዙ አምፔር ይስባል። ማጉረምረሙም ግለቱም ከዚያ ነው የመጣው።

ያ ትራንስፎርመር በኛ ኸርዝ በሰላም የሚችለው 316 ቮልት ገደማ ነው። ኢንቨርተርሽ 400 ቢሰጠው ጭማሪው 26 ከመቶ ይደርሳል። ሶላሩ ላይ እንዳታገናኚው።

የማሽኑ ግን አያስጨንቅሽ። 50/60 ካለ ሁለቱንም ይችላል።

የዶሮ ማነቂያ ልጅ፦
ለምን ታካብዳላችሁ? ምናለሽ ተራ ወርዳ ትልቅ ያገለገለ ትግዛ። ትልቅ ትራንስፎርመር አይጎዳም፣ ለወደፊትም ይሆናታል። ሰውየው 100 ያለው ለዚህ ይሆናል።

ሶላር ሠሪው፦
ወንድሜ፣ በመብራት ኃይል መስመር ብቻ ብትሠራ እሺ እልህ ነበር። በኢንቨርተር ግን ትልቅነቱ ራሱ ጣጣ ነው።

ትራንስፎርመር ሲለኮስ ለጥቂት ሞገዶች ከመደበኛው ስምንት፣ አሥር እጥፍ አምፔር ሊስብ ይችላል። የ100 ኬቪኤ መደበኛው በ380 ቮልት 152 አምፔር ነው። አሥር እጥፉ 1,500 አለፈ። የሷ ኢንቨርተር መደበኛው 45 አምፔር አካባቢ ነው። ገና ሲለኮስ ኢንቨርተሩ ፎልት (ችግር አለ) ብሎ ይጠፋል፤ ኮምፒውተሩም መብራቱም አብሮት።

ሌላው ባዶውን የሚበላው ነው። ትራንስፎርመር ሥራ ባይኖርም ብረቱን ለማሞቅ ይበላል። 150 ዋት ብቻ ቢበላ እንኳ በ24 ሰዓት 3.6 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ያን ክረምት ላይ፣ ፓኔሉ ደመና ለብሶ፣ ከባትሪ ልታወጣው ነው። ትልቁ ደግሞ የበለጠ ይበላል።

ጋሽ ብሬከር፦
የምናለሽ ተራውን በተመለከተ፣ ዘይት ያለበት አሮጌ ትራንስፎርመር በነጻም ቢሰጥሽ አትቀበዪ። በድሮዎቹ ዘይት ውስጥ ፒሲቢ የሚባል መርዝ ሊኖር ይችላል። በስቶክሆልም ስምምነት የታገደ ነገር ነው። ለዓይን ንጹሕ ዘይት ይመስላል፤ ያለ ምርመራ አይለይም። ንጹሕ ቢሆንስ? ወረቀት በተከመረበት ጓዳ ውስጥ ዘይት ምን ይሠራል? ደረቁን ግዢ።

ሞተር ጥቅለላ፦
እኔ እንጀራዬ ጥቅለላ ነው፣ መጠኑን ላስላልሽ።

18 ኪሎዋት ለ0.8 ፓወር ፋክተር (ከሚሳበው ኃይል ሥራ ላይ የሚውለው ድርሻ) ሲካፈል 22.5 ኬቪኤ። 25 ከመቶ መጠባበቂያ ስትጨምሪበት 28 ይሆናል። ከዚያ ከፍታው አለ፤ ይሄን ብዙ ሰው ይዘለዋል። ደረቅ ትራንስፎርመር የሚሰላው እስከ 1,000 ሜትር ላለ ቦታ ነው። ከዚያ በላይ አየሩ ስለሚሳሳ ማቀዝቀዙ ይደክማል፤ በየ500 ሜትሩ የሚፈቀደው የሙቀት ጭማሪ 2.5 ከመቶ ይቀነሳል። ፒያሳ 2,400 ሜትር ገደማ ናት፣ ስለዚህ 7 ከመቶ። ዞሮ ዞሮ 30 ኬቪኤ ልክሽ ነው።

ስታዢ እንዲህ በይ፦ ደረቅ፣ ሦስት ፌዝ፣ 30 ኬቪኤ፣ 50 ኸርዝ፣ መግቢያው 380 እና 400 ታፕ (ቮልት የሚመረጥበት ጫፍ) ያለው፣ መውጫው 200። ታፑ የሚያስፈልገው አብዛኛው ኢንቨርተር ከፋብሪካ ሲወጣ 400 ላይ ስለሚመጣ ነው። 380/200 ብቻ ብታስጠቀልዪ ማሽኑ 210 ይደርሰዋል። የሁለቱ ጥቅሎች ገመድ ለየብቻ ይሁን፤ መሃላቸው ኤርዝ የሚደረግ ስስ የመዳብ ሽፋን ይግባ። ማሽንሽ ድራይቭ (የሞተር ፍጥነት መቆጣጠሪያ) ካለው ለሃርሞኒክስ (ድራይቩ ለሚፈጥረው የተዛባ ሞገድ) ታስቦ እንዲጠቀለል ንገሪያቸው። በ200 በኩል ሙሉ ጭነቱ 87 አምፔር ነውና ገመዱም ለዚያ ይሁን።

ቀለምና ወረቀት፦
ሁለት ፕሮፎርማ ሰብስቤያለሁ። አንደኛው ረከስ ይላል፣ ግን አሉሚኒየም ነው ብሎ ራሱ ነገረኝ። ውድ የሆነው «ንጹሕ መዳብ» ይላል። በቃሉ ልመነው? ደግሞ ሶላር ሠሪው፣ 30ውስ ሲለኮስ ኢንቨርተሩን አይጥለውም?

ሞተር ጥቅለላ፦
በቃል አትመኚ፣ ፕሮፎርማው ላይ ይጻፍልሽ። አሉሚኒየም በራሱ ኃጢአት የለበትም። የተቆረጠ ጫፉ ስፋት ከመዳቡ 1.6 እጥፍ የሆነ ገመድ ከተደረገለት ይሠራል። ኃጢአቱ አሉሚኒየም ጠቅልሎ የመዳብ ዋጋ ማስከፈል ነው። ተርሚናሉን አይተሽ አትወስኚ፣ እሱ መዳብ ሆኖ ውስጡ ሌላ ሊሆን ይችላል። ሳይዘጋ ሄደሽ እዪው። ቫርኒሹን በምላጭ ጫፍ ጫር ቢያደርጉልሽ ቀይና ነጩ ይለያል። እምቢ ካሉሽ መልሱን አገኘሽ ማለት ነው።

ከቀሪው ክፍያ በፊት እዚያው ይለካልሽ። 400 ሲገባ 200 መውጣቱን፣ ባዶውን ስንት አምፔር እንደሚስብ፣ በሜገር (የኢንሱሌሽን መለኪያ) ደግሞ ጥቅሎቹ እርስ በርስም ከብረቱም ጋር አለመነካካታቸውን። የፈተናውን ወረቀትና የቫት ደረሰኙን አብረሽ ተቀበዪ። ቅድሚያ ክፍያ ይጠይቁሻል፣ ያለ ነው፤ ሙሉውን ግን አትስጪ።

ሶላር ሠሪው፦
30ውም ሊጥለው ይችላል፣ ጥሩ ጠየቅሽ። መፍትሔው ቀላል ነው። ከትራንስፎርመሩ በፊት በየፌዙ ሪዚስተር ይገባል። ስትለኩሺ ኃይሉ ለግማሽ ሰከንድ በሪዚስተሩ ያልፋል፣ ከዚያ በታይመር ኮንታክተር (በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማብሪያ ማጥፊያ) ይዘለዋል። ማታ ስትዘጊ ከፊት ያለ ዋና ኮንታክተር ትራንስፎርመሩን ያጠፋዋል። ባትሪሽም ያርፋል።

ቀለምና ወረቀት (ከሁለት ወር በኋላ)፦
ቃል በገባሁት መሠረት ተመልሻለሁ።

አሮጌውን ከማንሳታችን በፊት ኤሌክትሪሻኑን በክላምፕ ሜትር አስለካሁት። ማሽኑ ጠፍቶ፣ ባዶውን፣ በየፌዙ 11 አምፔር! እሱ ራሱ ሜትሩ ተበላሽቷል ብሎ ሌላ አመጣ። ያው 11። ጋሼ፣ እርስዎን አስታወስኩ።

የመዳቡን ገዛሁ፣ ቫርኒሹን ካስጫርኩ በኋላ። ሰውየው ትንሽ ተቀየመኝ፤ ግን ጫረው፣ ቀይ ነው። አዲሱ ባዶውን አንድ አምፔር አይሞላም። የመጀመሪያ ቀን ስንለኩሰው ኢንቨርተሩ ጠፋ፤ ታይመሩ ዜሮ ላይ ነበር ለካ። ግማሽ ሰከንድ ላይ ሲደረግ ተነሳ። ትናንት አራት ሰዓት ሙሉ መብራት ሄዶ የሠርግ ካርድ ስናትም ነበር፤ አንድ ወረቀት አልጣልንም። ድመቷ ግን አኩርፋለች፣ የሚሞቅ ቦታ የላትም።

የዶሮ ማነቂያ ልጅ፦
እንኳን ደስ አለሽ። አሮጌውን በስንት ትሰጪኛለሽ?

ጋሽ ብሬከር፦
አንተ ልጅ!