ጎንደር የራሷን የድል ቀን ታክብር? ሚያዝያ 27 ወይስ ህዳር 18

የፒያሳው፦
ሰላም ጎንደሮች፣ ዛሬ ትንሽ ልነካካችሁ ነው። በየዓመቱ ሚያዝያ 27 አደባባይ እንወጣለን፣ አርበኞች አባቶቻችን ጎፈር ደፍተው ሜዳሊያ ደርድረው ሲፎክሩ እናጨበጭባለን፣ ደስ ይላል። ግን ሚያዝያ 27 1933 ጃንሆይ አዲስ አበባ ሲገቡ ጎንደር ላይ የማን ባንዲራ ነበር የሚውለበለበው? የጣልያን! ጄኔራል ናሲ 40,000 ገደማ ጦር ይዞ እዚሁ ቁጭ ብሎ ነበር፣ እጁን የሰጠው ህዳር 18 1934 ነው። በምስራቅ አፍሪካ የጣልያን የመጨረሻው ምሽግ የወደቀው እኛ ከተማ ነው ማለት ነው፣ ግማሹ ሰው ደግሞ ይሄን አያውቅም። ሲገባብንም ቀድሞ ነው፣ መጋቢት 23 1928፣ አዲስ አበባ ከመግባቱ ከወር በላይ ቀደም ብሎ። ቀድሞ ገብቶ ዘግይቶ የወጣው ከኛ ነው። እና ጥያቄዬ፣ ከተማችን ህዳር 18ን ለብቻው ታክብር ወይስ አታክብር? ያኔ ውጊያ በነበረበት ቁልቋል በር ላይስ ሐውልት ይቁም ወይስ ይቅር? ስድብ የለም በናታችሁ።

ጡረተኛው መምህር፦
አይሆንም ልጄ። ሚያዝያ 27 ዝም ብሎ የተመረጠ ቀን አይደለም። ጣልያን አዲስ አበባ የገባው ሚያዝያ 27 1928 ነው፣ ጃንሆይ በአምስተኛ ዓመቱ በዛችው ቀን ተመለሱ። ቀኑ የአገር ነው እንጂ የአዲስ አበባ አይደለም። ደግሞ ዘግይታ ነጻ የወጣች ጎንደር ብቻ አይደለችም፣ አምባላጌ ከዛ በኋላ ነው፣ ጅማም በሰኔ ነው፣ ደብረ ታቦርም ክረምት ሲገባ ነው። ሁሉም የየራሱን ቀን ላክብር ካለ የአገር በዓል ምን ሊቀረው ነው? አሁን ባለንበት ጊዜ ደግሞ የጋራ ነገር እየቀነስን እንጂ እየጨመርን አይደለም።

የአዘዞ ልጅ፦
መምህር ይቅርታ ያድርጉልኝና አንድ ላይ መደመር ነው እንጂ መቀነስ ማን አለ? ሚያዝያ 27 ይቀጥል፣ ህዳር 18 ይጨመር። አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ የጣልያን ካራቢኒየሪ (ወታደራዊ ፖሊሶቹ) እስከዛሬ በየዓመቱ በፈረንጅ ኖቬምበር 21 የቁልቋል በርን ውጊያ ያስባሉ። እዚህ ማክሰኚት ወዲያ ያለውን ቁልቋል በር ነው የምላችሁ! ሙታቸው በዝቶ ነበርና ያንን ቀን ከደጋፊ ቅድስታቸው በዓል ጋር አንድ አድርገው በሮማው ጳጳስ አስወስነው ሮም ላይ ያከብራሉ። ቀኑ በኛ ስንት ይሆናል? ህዳር 12፣ ህዳር ሚካኤል። እኛ በዛች ቀን ታቦት ሸኝተን ጠላ ጠጥተን ቤታችን እንገባለን፣ ቁልቋል በር ላይ ምን እንደሆነ የሚነግረን የለም። የተሸነፈው እያስታወሰ ያሸነፈው የረሳበት ጦርነት ሌላ የት ታውቃላችሁ?

ደምቢያ፦
ያሸነፈው ማነው እሱን መጀመሪያ እንነጋገር። የህዳሩን ዘመቻ የመራው የእንግሊዙ ጄኔራል ፋውክስ ነው፣ ዋናው እግረኛ ደግሞ ከኬንያ ከኡጋንዳ ከታንጋኒካ ከማላዊ የመጣ የቅኝ ግዛት ወታደር ነው፣ መድፉ አውሮፕላኑ ብረት ለበሱ የእንግሊዝና የደቡብ አፍሪካ። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ህዳር 18 የእንግሊዝ ድል ነው። የእያሱ ግንብ ጣራ እኮ የፈረሰው በእንግሊዝ ቦምብ ጭምር ነው፣ ለሱም ሐውልት ይቁምለት? እንግሊዝ ደግሞ ከዛ በኋላ አገሩን ለቀቅ ለማድረግ ስንት ያስለመነ ነው። ሐውልቱ ላይ የማን ስም ሊጻፍ ነው?

የፒያሳው፦
@ደምቢያ የኬንያውም ይጻፍ፣ ምን ችግር አለው። የማላዊ ገበሬ ልጅ አዘዞ ሜዳ ላይ የሞተው ለማን ብሎ ነው? ለራሱ ቅኝ ገዢ። ከሁሉም የተረሳው እሱ ነው።

የአርማጭሆው፦
እኔ ግራ የገባኝ ነጻ ወጣን የምትሉት ነገር ነው። እናንተ ከተሜዎች ነጻ ወጥታችሁ ይሆናል፣ አርማጭሆን ማን ይዞት ነው ነጻ የሚያወጣው? ጠረፍ ላይ ምሽግ ሰርቶ ይሆናል፣ አገሩን ግን አልገዛም። አሞራው ውብነህ፣ አዳነ መኮንን የት ነበሩ በነዛ አምስት ዓመታት? ጫካ ነበሩ፣ ጸጉራቸው ጎፈሬ ሆኖ። የኛ ሰው በሶና ቆሎ ስንቁን ይዞ፣ በውጅግራ ጀምሮ ከጣልያን በማረከው ጠመንጃ የጨረሰ ነው። ምሽጉ ውስጥ ሆኖ ቀን ቆጥሮ የጠበቀ ሰው ህዳር 18ን ያክብር፣ እኛ ግን መጋቢት 23ንም አናውቃትም። ደግሞ ፋውክስ የሚባለው ሰውዬ ጎንደርን በወር ጊዜ የጨረሰው ምሽጎቹ በአርበኛ ተከበው ተርበው ስለጠበቁት ነው። ወልከፊትን ያዩ ይናገሩ፣ 3,000 ገደማ ሰው ይዞ ገደል ላይ የተቀመጠ ምሽግ በመስቀል ማግስት እጁን የሰጠው ማን ከቦ አስርቦት ነው?

ደምቢያ፦
ወልከፊትንም እንግሊዝ በአውሮፕላን ይደበድበው ነበር እኮ ወንድሜ፣ ከበባውም በአርበኛና በእንግሊዝ መኮንኖች በጋራ ነው። ብቻችንን አልነበርንም ነው የምልህ።

የአርማጭሆው፦
ብቻችንን ነበርን አላልኩም። ቀድመን ነበርን ነው ያልኩት። ከ1928 እስከ 1932 እንግሊዝ የት ነበር? ጣልያን ጦርነት እስኪያውጅበት ድረስ የኢትዮጵያን መያዝ ተቀብሎ ተቀምጦ ነበር!

ማራኪ፦
እናንተ ወንዶች ጠመንጃና ጎፈር ብቻ ነው የምታወሩት። ከተማው ውስጥ ሆኖ ጥይት በእንጨት ሸክም ውስጥ ደብቆ የሚያወጣ፣ የጣልያንን መኪና ስንት እንደወጣ ስንት እንደገባ ለጫካው የሚልክ ማን ነበር? የውስጥ አርበኛ የሚባለው፣ ብዙውም ሴት። ለነሱ ሚያዝያ 27 ምንም የተለወጠ ነገር የለም፣ በበነጋታው ያው ፈንጠር ብሎ ካራቢኒየሪው ፍተሻ ላይ ቆሟል፣ ከተያዘች የሚጠብቃት ያው ነው። አዲስ አበባ እልልታ፣ እዚህ ግን ሌላ ስድስት ወር ከምናምን ፍርሃት። እና ለኔ ህዳር 18 የነሱ ቀን ነው። የአርማጭሆው፣ አባቶችህ ጥይቱን ከየት አመጡት በል እስቲ? ሁሉም ከማረከው ነው እንዳትለኝ።

የአርማጭሆው፦
እሺ እህቴ፣ እሱን አልክድም። ጨውና መድኃኒትም ከናንተ ነበር።

ሃምሳ አለቃው፦
ልጆች ክርክራችሁ ደስ ይላል። እኔ አዘዞ ካምፕ ብዙ ዓመት አገልግያለሁ፣ ጣልያን የሰራውን ግንብ እያየን ነው ያደግነው፣ ማንም መኮንን ግን እዚህ ሜዳ ላይ ምን እንደተደረገ አስተምሮን አያውቅም። ስለ ካሳ (አጼ ቴዎድሮስ) እና ስለ አድዋ ነው የሚነገረን። አንድ ታሪክ ልጨምር፣ በዛ ጊዜ ጣልያን ጎንደር ላይ የቀሩት ተዋጊ አውሮፕላኖች አንድ ሁለት ፊያት ብቻ ነበሩ፣ የአንዷ አብራሪ ማላቮልታ የሚባል። ጥቅምት ውስጥ ማላቮልታ ብቻውን ሲነሳ አንድ ደቡብ አፍሪካዊ አብራሪ እሱን መትቶ ጣለው። በማግስቱ መትቶ የጣለው ሰው ተመልሶ መጥቶ ጣልያኖቹ ሰፈር ላይ ወረቀት ጣለላቸው፣ ጎበዝ ሰው ነበር ብሎ። ይሄ የወታደር ወግ ነው። የኛም አባቶች ሲፎክሩ የጠላታቸውን ጀግንነት አይደብቁም፣ ደካማ ገደልኩ ብሎ ማን ይፎክራል? ስለዚህ እኔ ሐውልቱ ይቁም ባይ ነኝ፣ የወደቀው ሁሉ ይታሰብ።

ጡረተኛው መምህር፦
ሃምሳ አለቃ፣ አብራሪው ሌላ ነገር ነው። ናሲ ግን በኢትዮጵያ መንግሥት በጦር ወንጀለኝነት ከተከሰሱት 10 ጣልያኖች አንዱ ነው። አንዳቸውም እኛ ፊት ቀርበው አልተዳኙም። ሁሉ ይታሰብ ስንል እሱ ውስጥ እንዳይገባ ተጠንቀቁ።

ሃምሳ አለቃው፦
ልክ ነዎት መምህር፣ ስለ አዛዡ አላወራሁም።

ስሜን አልጽፍም፦
ይሄን ለመጻፍ ሁለቴ አስቤ ነው። የኔ አያት ቁልቋል በር ነበሩ፣ ግን ከጣልያን በኩል። ባንዳ። ቤታችን ውስጥ በግልጽ ወጥቶ አይወራም፣ እኔም የሰማሁት በለቅሶ ቤት ነው። ናሲ ያሰለፈው ጦር ግማሹ እኮ ጥቁር ነበር፣ ከኤርትራም ከዚሁም። ገሚሱ በደመወዝ፣ ገሚሱ በጎረቤት ቂም፣ ገሚሱ ተገዶ። እና ህዳር 18 ሲከበር የኛ ቤተሰብ የት ይቁም? በዓሉን አልቃወምም፣ ግን ሐውልቱ ላይ ስም ይደረደር ስትሉ ጉድ እንደሚመጣ እወቁ። ጎንደር ውስጥ የማን አያት ከየት በኩል እንደነበር ሁሉም ያውቃል፣ ዝም የሚባለው ለጉርብትና ነው።

ደምቢያ፦
ይሄ ነው ዋናው ነገር። በዓሉ ያልተከበረው ረስተነው አይደለም። አስታውሰነው ነው።

የአዘዞ ልጅ፦
@ስሜን አልጽፍም ጀግና ነህ ወንድሜ። በነገራችን ላይ ባንዳ ሆነው መጨረሻ ላይ ጠመንጃቸውን ይዘው ወደ አርበኛ የገቡም ብዙ ነበሩ፣ ውስጥ ሆነው መረጃ የሚሰጡም። ስም ሳይደረደር ቦታውና ቀኑ ብቻ ይጻፍ። የመኪና መንገዱ ዳር ነው፣ የባሕር ዳር ተጓዥ ሁሉ ያየዋል። በዓሉ ህዳር 12 አይሁን እንጂ፣ ሚካኤልን ትቶ ንግግር ሊሰማ የሚመጣ ሰው አታገኙም።

የፒያሳው፦
እሺ፣ ቀኑ ህዳር 18 ከሆነ ጃንተከል ዋርካው ስር ይሁን ብዬ ለባህልና ቱሪዝም ማመልከቻ ላስገባ ነው። የምትፈርሙ ኮመንት ላይ ጻፉ። ስም ይደርደር የምትሉም አይደርደር የምትሉም።

የአርማጭሆው፦
እኔ እፈርማለሁ። ግን ስም ይደርደር። የኛዎቹ ስማቸው ካልተጻፈ ለቦታ ብቻ ሐውልት ለምን ይቆማል፣ ድንጋዩማ ድሮም እዛው ነበር።

ስሜን አልጽፍም፦
ከተደረደረ የአያቴንም ታስገባላችሁ?

የአርማጭሆው፦
በሌላኛው ፊት ከሆነ አዎ።

ማራኪ፦
የሴቶቹስ በየትኛው ፊት ነው?