ጥምቀት ደርሶ «ክፍል ይያዙ» ስልክ ላይ አይነካም፣ ድረሱልኝ

የሪሴፕሽን ልጅ፦ (ጥር 2፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት)
ጎበዝ እርዱኝ። ጎንደር ያለው የእንግዳ ማረፊያችን ሳይት ላይ «ክፍል ይያዙ» የሚለውን ስልክ ላይ ቢነኩት ቢነኩት ዝም ነው። ኮምፒውተር ላይ ይሠራል። የሠራልን ልጅ ስልክ አያነሳም። ከተራ ስምንት ቀን ቀረው፣ ሰው ከአዲስ አበባ እየደወለ «አልይዝ አለን» ይላል። ምን ላድርግ?

አንገረብ፦
ካሽ አጥፊ፣ ተቀምጦ የቀረውን አሮጌ ገጽ።

አዘዞ፦
የትኛው ስልክ? የትኛው ብራውዘር? ሳይቱ ዎርድፕሬስ በሚባለው መሥሪያ የተሠራ ነው ወይስ በእጅ የተጻፈ? ሊንኩስ የት አለ? «አይሠራም» ብቻ ካልሽን እኛም ጠንቋይ አይደለንም።

የሪሴፕሽን ልጅ፦
ሁሉም ስልክ ላይ ነው። ዎርድፕሬስ ነው፣ የይለፍ ቃሉ እኔ ጋ አለ። ሊንኩን ፕሮፋይሌ ላይ አድርጌዋለሁ።

ባለ መነጽሩ፦
ልጄ፣ ከፍቼ አየሁት፤ ቁልፉ ትንሹ ችግራችሁ ነው። ገጹ ሲከፈት ስድስት ፎቶ ይፈራረቃል፦ ግንቡ፣ የፋሲል መዋኛ፣ የደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያ፣ ሌላም። እያንዳንዱ ከካሜራ እንደወጣ የተጫነ ስለሆነ ወደ 4 ሜጋባይት ይጠጋል። ስድስቱ 24 ሜጋባይት፣ ማለትም 192 ሜጋቢት መሆናቸው ነው። በሴኮንድ 1 ሜጋቢት በሚያመጣ ኔትወርክ ይህ ከሦስት ደቂቃ በላይ ይፈጃል። ማን ይጠብቃል?
ጽሑፉ ደግሞ ነጭ ሆኖ ነጭ ሰማይ ላይ ተቀምጧል። ሥላሴ ጣሪያ ላይ ሲደርስ «እንኳን ደኅና መጡ» የመላእክቱ ዓይኖች መካከል ይጠፋል፤ ላንብበው ሲሉ ፎቶው ይቀየራል። ለተራ ጽሑፍ ከጀርባው ጋር ያለው የድምቀት ልዩነት ቢያንስ 4.5 ለ 1፣ ለትልልቅ ፊደል 3 ለ 1 መሆን አለበት። ከታች የጻፋችሁበት ግራጫ፣ ኮዱ 999999 የሆነው፣ ነጭ ላይ 2.8 ብቻ ነው። 767676 ለጥቂት ያልፋል፤ 595959 ብታደርጉት ደግሞ ፀሐይ ላይ የቆመ ሰውም ያነበዋል። አንድ ፎቶ ምረጡ፣ ስፋቱን 1200 ፒክስል፣ ዓይነቱን ዌብፒ (ቀለል ያለ የፎቶ ፋይል)፣ ክብደቱን ከ200 ኪሎባይት በታች አድርጉ። ጽሑፉን ከፎቶው ላይ አንስታችሁ ከሥሩ አስቀምጡት።

አንገረብ፦
ካሹን ግን አጠፋሽ?

ማራኪ፦
ምናልባት ፎቶዎቹ መስመሩን ይዘውት ቁልፉን የሚያሠራው ስክሪፕት ገና አልወረደ ይሆናል። ቁልፉ ሳይነቃ ነው የሚነኩት። ገጹ ተጭኖ እስኪያልቅ ጠብቀሽ ሞክሪ።

የሪሴፕሽን ልጅ፦
አምስት ደቂቃ ጠብቄ ነካሁት፣ ያው ነው። ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ፣ ፎቶውን አስተካክላለሁ፤ አሁን ግን ቁልፉ!

ቀሃ ማዶ፦
እኔ የምለው፣ ቁልፉ ለምን አስፈለገ? ለጥምቀት ጎንደር የሚመጣ ሰው ዋጋ አይቶ ደውሎ ነው የሚይዘው። እናንተ ጋ ዋጋ የሚባል ነገር የለም። ስልክ ቁጥራችሁ ፎቶ ውስጥ የተሳለ ነው፤ ቢነኩት አይደውልም፣ ኮፒም አይደረግም። በጽሑፍ አድርጉትና «ቴል» የሚባለውን ሊንክ ስጡት፤ +251 ብላችሁ የመጀመሪያዋን ዜሮ ጣሏት፣ አለዚያ ከውጭ አይገባም። ፎርሙ ላይ ደግሞ «ዚፕ ኮድ» ግዴታ ነው ይላል። የአራዳ ሰው ዚፕ ኮድ ከየት ያምጣ?

አዘዞ፦
ቀሃ ማዶ፣ ያልከው ሁሉ ልክ ነው፣ የጠየቀችው ግን ሌላ ነው። አገኘሁት።
ኮምፒውተር ላይ በክሮም ሳይቱን ክፈቺ፣ ኤፍ 12 ተጫኚ፣ ቀጥሎ ኮንትሮል ሺፍት ኤም። ስፋቱን 360 አድርጊው፤ ገጹ የስልክ መልክ ይይዛል። አሁን ኮንትሮል ሺፍት ሲ ብለሽ ማውዙን «ክፍል ይያዙ» ላይ አሳርፊው። ሰማያዊው ጥላ ቁልፉ ላይ ብቻ ማረፍ ነበረበት፤ እሱ ግን የስክሪኑን የታችኛውን ግማሽ ይሸፍናል። ያ የቻት ፕለጊናችሁ (ሳይቱ ላይ የተጨመረው የመልእክት መላላኪያ) ሳጥን ነው። አረንጓዴዋ ክብ 60 ፒክስል ብትሆንም የተቀመጠችበት ሳጥን ስልክ ላይ በሙሉ ስፋቱ ተዘርግቷል፣ አይታይም፣ ዚ ኢንዴክሱም (ማን ከላይ እንደሚሆን የሚወስነው ቁጥር) 99999 ስለሆነ ከሁሉም በላይ ነው። ጣታችሁ ቁልፉን ሳይሆን መስታወት ነው የሚነካው። ኮምፒውተር ላይ ሳጥኑ የቀኝ ጥግ ላይ ብቻ ስለሚቀር ቁልፉ ነፃ ነው፤ ለዚያ ነው እዚያ የሚሠራው።
ለዛሬ ማታ፦ ፕለጊኖች ውስጥ ገብተሽ ቻቱን አሰናክዪው፣ አትሰርዢው። ቻቱ የግድ ካስፈለጋችሁ የገጹ መልክ በሚታዘዝበት «ተጨማሪ ሲኤስኤስ» በሚለው ቦታ ለሳጥኑ «ፖይንተር ኢቨንትስ ነን» (pointer-events: none)፣ ለክቧ «ፖይንተር ኢቨንትስ ኦቶ» (pointer-events: auto) ይጻፍ። ጣት ሳጥኑን አልፎ ከሥር ያለውን ይነካል፣ ክቧም ትሠራለች። ቻቱ ሲከፈት መስኮቱም ያው «ኦቶ» ያስፈልገዋል፣ አለዚያ መጻፍ አይቻልም።
አንድ ሰው መጥቶ «የቁልፉን ዚ ኢንዴክስ 999999 አድርጊ» ቢልሽ አትስሚው። ቁልፉ ያለበት ክፍል ራሱ ከሥር ከሆነ ቁጥሩ ቢቆለልም አይወጣም።

ፒያሳ፦
የቁልፉን ዚ ኢንዴክስ 999999 አድርጊ።

አዘዞ፦
😐

አንገረብ፦
ካሽ።

አዘዞ፦
አሁን አንገረብ ልክ ነው። ሳይቱ ላይ የካሽ ፕለጊን አለ፤ ቻቱን ካሰናከልሽ በኋላ እሱን ባዶ ካላደረግሽው እንግዶች አሮጌውን ገጽ ነው የሚያዩት። የስልክሽን ካሽ ሳይሆን የሳይቱን።

አንገረብ፦
ሦስት ጊዜ ተናግሬ ነበር።

የሪሴፕሽን ልጅ፦
ተነካ!!! እልልል! አዘዞ ዕድሜ ይስጥህ። ግን ሌላ ጉድ መጣ፤ አንዱ እንግዳ 11 ብሎ መርጦ ጃንዋሪ 11 ተይዞለታል። ነገ ማለት እኮ ነው! እሱ ጥምቀትን ነው የፈለገው።

ማራኪ፦
መጀመሪያ ለሰውየው ደውዪለት፣ ዛሬውኑ። ሌሎቹንም ከዝርዝሩ አይተሽ አንድ በአንድ።
ምክንያቱ፦ ያ የቀን ሳጥን የብራውዘሩ ስለሆነ የሚያውቀው የፈረንጁን ብቻ ነው። ጥር 11 ዘንድሮ ጃንዋሪ 19 ነው፤ ጳጉሜን ስድስት ከሆነች በኋላ ባለው ዓመት ግን 20 ይሆናል፣ በ2016 እንደሆነው። ስለዚህ ቋሚ ቁጥር እየደመሩ መቀየር ያሳስታል። መረጃ ቋቱ ውስጥ የፈረንጁ ይቀመጥ፤ ለሰው ሲታይ ሁለቱም ይታይ። የገጹ ፕሮግራም በሚጻፍበት ቋንቋ፣ በጃቫስክሪፕት ውስጥ፣ «ኢንትል ዴትታይምፎርማት» (Intl.DateTimeFormat) የሚባለው ካላንደሩን «ኢትዮፒክ» ብለው ሲሰጡት ራሱ ይቀይረዋል፣ ሌላ ላይብረሪ አይፈልግም። የሚጽፈው ሰው ጃቫስክሪፕት ወርን ከዜሮ እንደሚቆጥር አይርሳ፤ ጃንዋሪ 0 ነው።
እስከዚያ ድረስ ከሳጥኑ በላይ «የፈረንጅ ቀን ያስገቡ፤ ጥምቀት ጃንዋሪ 19 ነው» ብለሽ ጻፊ። ማረጋገጫው ላይ የሳምንቱ ቀን ስም ይውጣ፦ «ሰኞ፣ ጥር 11 (ጃንዋሪ 19)»። ሰው ቁጥር ቢያሳስተውም «እሑድ» ሲል ይነቃል።
«መግቢያ 2:00» የሚለውንም «ከቀኑ 8 ሰዓት» በሉት። የአገር ሰው በጠዋቱ 2 ሰዓት ሻንጣውን ይዞ በር ላይ ይቆማል።

ባለ መነጽሩ፦
ፎርሙ አንድ ስህተት ሲያገኝ የተሞላውን ሁሉ ያጠፋል፤ ስሙን ሦስት ጊዜ የሚጽፍ እንግዳ የለም። የተሞላው ይቆይ፣ ስህተቱ ከሳጥኑ ሥር በአማርኛ ይጻፍ። ሳጥኖቹ ውስጥ ያለው ፊደልም ከ16 ፒክስል አይነስ፣ አለዚያ አይፎን ገጹን በራሱ እያጎላ ያንከራትታል። የአማርኛው መስመርም ተጣብቋል፤ የመስመሩን ቁመት ከ1.2 ወደ 1.7 አድርጉት።

አንገረብ፦
ጋሼ፣ እርስዎስ ካሽ አጥፍተዋል?

አዘዞ፦
የሪሴፕሽን ልጅ፣ ሰውየው ስልክ አነሳ?

ሎዛ፦ (ጥር 4)
ዘግይቼ ነው ይቅርታ። ሳይቱን አየሁት፣ ያምራል። ለከተራ ማታ ባለ ሁለት አልጋ ስንት ነው? ፈልጌ ፈልጌ ዋጋውን አጣሁት።