«ቤቱን ያዳነው እንግዳው ነው»፦ የሐረር ጁገል ቤቶች ሆቴል ይሁኑ ወይስ አይሁኑ?

የአሱም በሪ ልጅ፦
ትናንት እዚህ ግሩፕ ላይ የተለጠፈው ነገር ሌሊቱን ሙሉ ሲያብሰለስለኝ አደረ። ወንድማችን መንገደኛው ዛንዚባር ሄዶ፣ ስቶን ታውን በምትባለው አሮጌ ከተማ ባህሩ ዳር ያለው ፓርክ ሃያት ሆቴል አርፎ መጥቷል። እንኳን ደስ አለው። ማምቦ ምሲጌ የሚባል የ19ኛው ክፍለ ዘመን ትልቅ ቤት ታድሶ ሆቴል ሆኗል። በሩ ላይ የተፈለፈለውን እንጨት፣ ከመስኮቱ የሚታየውን ህንድ ውቅያኖስ፣ ሁሉንም በፎቶ አሳየን። እስከዚህ ድረስ ጥሩ ነው። መጨረሻ ላይ ግን ይህን ጻፈ፦ «ቤቱን ያዳነው እንግዳው ነው። ሐረር ጁገል፣ ከግንቡ ውስጥ ያሉት ትልልቅ ቤቶችም ለባለሀብት ተሰጥተው እንዲህ ካልሆኑ ይፈርሳሉ።»

ተሰጥተው? ማነው ሰጪው? እናቴ ዛሬም ነደባው (የቤቱ መደብ) ላይ ተቀምጣ ቡና ታፈላለች። ከረመዳን በፊት ግድግዳው ኖራ ይቀባል። ያ ቤት ቆሞ ያለው እሷ ስላለች ነው። እንግዳ አላዳነውም።

መንገደኛው፦
እህቴ፣ ሰላም ላንቺ ይሁን። የእናትሽን ቤት ስጡ አላልኩም። ያልኩት በየመንገዱ ተዘግተው ጣሪያቸው የገባውን ቤቶች ነው። አብረን ያደግንበት ሰፈር ነው፤ ስንቱ ግድግዳ ክረምት ላይ ሲናድ አይተናል? ጁገል በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ሐምሌ 1998 ነው። ከዚያ ወዲህ ስንት ቤት ከነነደባው ፈርሶ በብሎኬት ተሠራ? መዝገብ ቤት አያድንም። ቤት የሚድነው ገቢ ሲኖረው ነው። ዛንዚባር ላይ ያየሁት ይህንኑ ነው፤ አሁንም ደግሜ እላለሁ፣ ቤቱን ያዳነው እንግዳው ነው።

ድንጋይና ጭቃ፦
ግንበኛ ነኝ፤ አባቴም ግንበኛ ነበር። ስለዚያ ሆቴል ያልተባለ ነገር አለ። አብዛኛው የመኝታ ክፍል ያለው በአሮጌው ቤት ውስጥ አይደለም፤ ጎኑ በተሠራው አዲስ ሕንፃ ውስጥ ነው። አሮጌው ቤት ፊት ለፊት ቆሞ ስሙንና ውበቱን ይሰጣል፣ ገንዘቡን የሚያመጣው አዲሱ ነው። የዓለም ቅርስ ኮሚቴም በዚያ ግንባታ ላይ ስጋቱን ገልጾ ነበር። አሁን ጁገልን አስቡት። 48 ሄክታር ነው፣ ቤት ከቤት ተጣብቋል። ከአንድ «ጌ ጋር»፣ ከሐረሪ ባህላዊ ቤት፣ ጎን ባለብዙ ክፍል አዲስ ሕንፃ የት ላይ ይቆማል? የጎረቤት ቤት ፈርሶ ካልሆነ ቦታ የለም።

የአሱም በሪ ልጅ፦
ይኸው! ቤቱን ያዳነው እንግዳው ሳይሆን አዲሱ ሕንፃ ነው ማለት ነው። አዲስ ሕንፃ ደግሞ እኛ ጋ ከመጣ ጎረቤት ይነሳል።

መንገደኛው፦
አዲስ ሕንፃ ይሠራ ብዬ የጻፍኩበትን ቦታ አሳዩኝ።

ከዚራ፦
አቦ እናንተ ሐረሮች! ስለ ባህር ዳር ሆቴል ታወራላችሁ፣ ቧንቧችሁ ግን በወር ስንቴ ነው ውሃ የሚያመጣው? ሐሮማያ ሐይቅ ከደረቀ በኋላ ውሃው ከእኛ ከድሬዳዋ በኩል ከሐሰሊሶ ተስቦ ነው ሐረር የሚደርሰው። እንግዳውም የሚያርፈው ድሬዳዋ ኤርፖርት ነው። እዚሁ ድሬ፣ ከዚራ ሰፈር ደግሞ የባቡር ኩባንያው ቤቶች አሉ። ሰፊ በረንዳ፣ ትልቅ ግቢ፣ የዛፍ ጥላ፣ መኪና በር ድረስ ይገባል። ሆቴል መሥራት የሚፈልግ ሰው እዚህ ይምጣ። ማንንም ሳይነካ ይሠራል።

ቶሮንቶ ያለሁት፦
ድሬ ከተማ የሆነችው በ1895 ባቡሩ ሲደርስ ነው። ሐረር ያኔ ስንት መቶ ዓመት ኖራ ነበር። ታሪካዊ ቤት ፈልጎ የሚመጣ እንግዳ የባቡር ሠራተኛ ቤት ምን ያደርግለታል?

ከዚራ፦
ታሪክ በዕድሜ ብቻ የሚለካ አይደለም። አያቴ ለገሀር ነው ጡረታ የወጣው። በዚያ ሐዲድ ነው ቡናው ጅቡቲ የወረደው፣ ጨርቁም የመጣው። የከዚራ ቤቶችም እየፈረሱ ነው፤ የሚያስብላቸው ግን የለም፣ ምክንያቱም ሁሉም ሰው «ሐረር፣ ሐረር» ይላል።

ድንጋይና ጭቃ፦
ልጁ እውነቱን ነው። የከዚራን ነገር ራሱን ችሎ ብናነሳው ጥሩ ነበር። አሁን ግን ወደ ጁገል እንመለስ።

ቶሮንቶ ያለሁት፦
እኔ መንገደኛውን እደግፋለሁ፤ ምክንያቴን ልንገራችሁ። አያቴ የሞተችበት ቤት ተዘግቶ ነው ያለው። ቁልፉ ድሬ ያለ ዘመድ ጋ ነው። ግማሹ ወራሽ እዚህ ካናዳ፣ ግማሹ ጅዳ፣ አንዱ አውስትራሊያ ነው። ለጣሪያው እድሳት ገንዘብ ላክን፣ በኋላ ስንሰማ በቆርቆሮ ተሸፍኗል። የሚኖርበት የለም፣ ማንም አይሸጠውም፣ ማንም አያድሰውም። አንድ ሰው መጥቶ «ለ20 ዓመት አከራዩኝ፣ እንደ ነበረ አድሼ እንግዳ አሳድርበታለሁ» ቢለኝ ዛሬ እፈርማለሁ። የአሱም በሪ ልጅ እናቷ ቤት ውስጥ አለች። የእኔ አያት ቤት ውስጥ ማን አለ?

የአሱም በሪ ልጅ፦
ያንተ ቤት ነው፣ አከራይ። ማን ከለከለህ? እኔ የምቃወመው «ለባለሀብት ተሰጥተው» የሚለውን ነው። እዚህ ሰፈር ያለው ቤት ሁሉ የግል አይደለም። በ1967ቱ የትርፍ ቤት አዋጅ የተወረሱ ቤቶች አሉ፣ እስከ ዛሬ የቀበሌ ቤት ናቸው። በአንድ ትልቅ ቤት ውስጥ ሦስት አራት አባወራ ግድግዳ አበጅቶ ይኖራል። «ተሰጠ» የተባለ ቀን መጀመሪያ የሚወጡት እነሱ ናቸው። ምትክ ቤት የሚሰጣቸው ከከተማ ውጭ ነው። ልጆቹ ከመድረሳ ትምህርታቸው፣ እናትየው ከገበያዋ ይራራቃሉ። ከዚያ ቤቱ ይታደስና በር ላይ ጥበቃ ይቆማል። እዚያ የተወለደች ልጅ ገብታ ማየት አትችልም። ይሄ መዳን ነው?

መንገደኛው፦
እነዚያ ሦስት አራት አባወራ ያበጁት ግድግዳ ምን ላይ ነው የቆመው? ነደባው ላይ። ነደባውን አፍርሰው ኩሽና ያደረጉ አውቃለሁ። እነሱን አልወቅስም፤ ድህነት ነው፣ ጥበት ነው። ግን «ሰው ስላለበት ቆሟል» አትበይኝ። ሰው ኖሮበትም ይሞታል። በፈረንሳዊው ገጣሚ ስም ራንቦ ቤት የሚባለውንና የተፈሪ መኮንንን ቤት ተመልከቱ። ሁለቱም የዛሬ ቁመናቸውን ያገኙት ታድሰው ሙዚየም ሲሆኑ ነው። የተፈሪ ቤት ቀድሞ ሰው ይኖርበት ነበር። ያ የእንጨት በረንዳ እንደዚያው ቢቀር ኖሮ ዛሬ እናየው ነበር?

የአሱም በሪ ልጅ፦
ሙዚየም ትኬት ቆርጠህ ትገባለህ፣ ተማሪ ይገባል፣ ሽማግሌ ይገባል። ሆቴል ያደረ ብቻ ነው የሚያየው። ሁለቱን አታቀላቅል።

እንግዳ ተቀባይ፦
እኔ ልናገር፣ ምክንያቱም ስለ እንግዳ የምታወሩት ሁላችሁም እንግዳ አሳድራችሁ አታውቁም። የእኛ ቤት ጁገል ውስጥ ነው። ከእናቴ ጋር ነው የምንሠራው። እንግዳው ነደባው ላይ ይቀመጣል፣ ግድግዳው ላይ ያለውን ስፌት ይጠይቃል፣ ጠዋት እናቴ ቁርስ ታቀርብለታለች። በዚህ ገንዘብ ነው ጣሪያውን ያስጠገንነው፤ ጣውላና ጭቃ እንጂ ቆርቆሮ አላደረግንም። ስለዚህ መንገደኛው «ቤቱን ያዳነው እንግዳው ነው» ሲል ለእኛ ቤት እውነት ነው። የአሱም በሪ ልጅም እውነት አላት፤ ምክንያቱም ለእንግዳው ቡና የምታፈላለት እናቴ ናት፣ ቤቱም የእሷ ነው። እናቴ ብትወጣ ያ እንግዳ ምን ሊያይ ይመጣል?

የጎደለን ባለሀብት አይደለም። የጎደለን አነስተኛ ብድር ነው። ቤት ለማደስ ብለን ብንጠይቅ «ማስያዣ» አሉን። ቤቱን እንዳናስይዝ ቅርስ ነው ተባልን። ባለ ብዙ ገንዘቡ ሲመጣ ግን ሁሉም በር ይከፈትለታል።

ቶሮንቶ ያለሁት፦
አላህ ያክብርልኝ እህቴ። እናትሽን ሰላም በይልኝ። ግን ልጠይቅሽ፤ የእናንተ ቤት ስንት ሰው ያሳድራል? ለሹዋሊድ በዓል ከየአገሩ ስንመጣ አልጋ አጥተን ድሬ አድረን ነው ጠዋት ጠዋት የምንመላለሰው። ሹዋሊድ በ2016 ዩኔስኮ መዝገብ ላይ ከገባ ወዲህ የሚመጣው ሰው ይበዛል። የት ያድር?

ከዚራ፦
ድሬ! ተናግሬያለሁ።

እንግዳ ተቀባይ፦
ሹዋሊድ በዓመት አንዴ ነው። ለሹዋሊድ ብሎ የቅንጦት ሆቴል የሠራ ሰው ሌላውን ወር ሁሉ ባዶ ይከርማል። እኛ ባዶ ስንሆን ቤታችን ነው፣ እንኖርበታለን።

ድንጋይና ጭቃ፦
ስለ እድሳት አንድ ነገር ልጨምር፤ ክርክሩ ሁሉ ሲያልቅ የሚቀረው ይሄ ነው። የዛንዚባር ቤቶች የተሠሩት በባህር ኮራል ድንጋይና በኖራ ነው። ጣሪያውን የሚሸከመው ከማንግሮቭ ዛፍ የሚቆረጥ አጣና ነው፤ ክፍሎቹ ጠባብና ረጅም የሆኑት የአጣናው ርዝመት ስለወሰናቸው ነው። የእኛዎቹ ድንጋይና ጭቃ ናቸው። ሁለቱም ጋ ጠላቱ ሲሚንቶ ነው። የጭቃ ግንብ ይተነፍሳል። በሲሚንቶ ስትለስነው እርጥበቱ ውስጥ ይታፈናል፣ ድንጋዩን የያዘው ጭቃ ይላላል፣ ከጥቂት ክረምት በኋላ ግድግዳው ይነፋና ይወድቃል። ሆቴል ደግሞ በየክፍሉ ሻወር ይፈልጋል። በየቀኑ ሙቅ ውሃ፣ እንፋሎት፣ ግድግዳ ውስጥ የሚያልፍ ቧንቧ። አንድ ቧንቧ ቢያፈስ የታችኛው ነደባ ይሟሟል። ይህን የሚያውቅ ባለሀብት አላየሁም። በቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጁ፣ በ209/1992፣ ያለ ፈቃድ ቅርስ መንካት አይቻልም። ፈቃዱን የሚሰጠው ሰው ግን ኖራና ሲሚንቶ ለይቶ ማወቅ አለበት።

መንገደኛው፦
በዚህ እስማማለሁ። ለዚህ እኮ ነው ገንዘብ ያለው ሰው የምለው። በኖራ የሚሠራ ባለሙያ ውድ ነው። ደሃ ሰው ሲሚንቶ የሚጠቀመው ርካሽ ስለሆነ ነው። መንግሥት ይጠብቀው ካላችሁ ደግሞ እዚያው ዛንዚባር ላይ የሆነውን ላስታውሳችሁ። ሱልጣን ባርጋሽ በፈረንጆች 1883 ያሠራው ትልቁ ቤት፣ የተአምራት ቤት የሚሉት፣ ሙዚየም ነበር፣ የመንግሥት ነበር። በፈረንጆች ገና ቀን 2020 ፊቱ ተንዶ ወረደ፣ ሰውም ሞተ። እዚያው ባህር ዳር፣ ካረፍኩበት ሆቴል ብዙም ሳይርቅ። ሆቴሉ ቆሟል፣ ሙዚየሙ ወድቋል።

የአሱም በሪ ልጅ፦
የወደቀው እድሳት ላይ እያለ ነው! ገንዘብ ተገኝቶለት፣ ሥራ ተጀምሮ ነው የተናደው። ይሄ ለእኔ ነው የሚመሰክረው እንጂ ላንተ አይደለም። ገንዘብ መጣ ማለት ቤቱ ዳነ ማለት አይደለም።

መንገደኛው፦
እድሳቱ የዘገየው ለዓመታት ተዘግቶ ስለቆየ ነው። ቶሎ ቢደረስለት ኖሮ አይወድቅም ነበር።

ድንጋይና ጭቃ፦
ለምን እንደወደቀ ከዚህ ሆነን አንፈርድም። ቤቱን አላየነውም።

ከዚራ፦
ባህር ዳር ያለ ቤት እኮ ዋጋው ባህሩ ነው። ያ ሆቴል ከውሃው አንድ ኪሎ ሜትር ወደ ውስጥ ቢሆን ኖሮ ያን ያህል የሚከፍል የለም። ሐረር ባህር የላትም። እኛ ድሬዎች ያለን የደቻቱ ወንዝ ነው፤ እሱም በዚያው በሐምሌ 1998፣ ጁገል በተመዘገበበት ወር፣ ሌሊት በጎርፍ መጥቶ ሰው ወሰደብን። ስለ ውሃ ዳር ሆቴል ስትጽፉ እኛ የምናስበው ሌላ ነው። ገንዘብ ካለ የደቻቱ ዳር መከላከያ ግንብ ይጠናከርበት።

ቶሮንቶ ያለሁት፦
የሞቱትን አላህ ይማራቸው። በዚህ ማንም አይከራከርህም።

እንግዳ ተቀባይ፦
ከዚራ ስለ ባህሩ ያለው ትክክል ነው። እኛ ጋ የሚመጣ እንግዳ ለባህር አይመጣም፤ ለሰው ነው የሚመጣው። ፈረስ መጋላ አደባባይ ወርዶ፣ መኪና ግርግር መንገድ ላይ የልብስ ሰፊዎቹን ድምፅ ሰምቶ፣ ማታ ጅብ ሲቀለብ አይቶ፣ ከዚያ እኛ ቤት ገብቶ ከእናቴ ጋር በምልክት እያወራ ይስቃል። ሰፈሩ ከነሰዎቹ ከሌለ የታደሰው ቤት ብቻውን ምን ይሸጣል?

መንገደኛው፦
እሺ፣ እንግዲያው ወራሾቹ ባለቤት ሆነው ይቆዩ፣ ባለሀብቱ በኪራይ ይግባ፣ ከገቢው ድርሻ ይስጥ፣ ሠራተኛውን ከሰፈሩ ይቅጠር። ይሄስ?

የአሱም በሪ ልጅ፦
ትናንት «ተሰጥተው» ነበር፣ ዛሬ «በኪራይ» ሆነ። የቀበሌ ቤት ውስጥ ያሉትስ? እነሱ ወራሽም አይደሉም፣ ባለቤትም አይደሉም። ከገቢው የሚደርሳቸው ድርሻ የለም። የእነሱን መልስልኝ።

መንገደኛው፦
የተዘጉት ቤቶች ላይ እንጀምር እኮ ነው የምለው። የቀበሌውን መንግሥት ይየው።

የአሱም በሪ ልጅ፦
አልመለስክልኝም።

ቶሮንቶ ያለሁት፦
የሁሉንም ችግር በአንድ ቀን ካልፈታን አንጀምር እያልሽ ነው እኮ። የአያቴ ቤት እስከዚያ አይጠብቅም።

ድንጋይና ጭቃ፦
ቶሮንቶ፣ ቤትህ የት ሰፈር ነው? ክረምት ሳይገባ ጣሪያውን ወጥቼ ልየው፣ ቆርቆሮው ሥር ያለው አጣና ከበሰበሰ ግድግዳውን ይዞ ይወርዳል። አንድ ጥያቄም አለኝ፣ ለመንገደኛውም ለሁላችሁም። ሆቴል ተከፈተ እንበል። በጁገል ጠባብ መንገድ የፍሳሽ መምጠጫ መኪና አይገባም። የዚያ ሁሉ ክፍል ሽንት ቤት የት ነው የሚወርደው?

ከዚራ፦
ከዚራ መኪና ይገባል።

የአሱም በሪ ልጅ፦
ከዚራ፣ አቦ ተወን! መንገደኛው፣ የቀበሌ ቤቱን ጥያቄ እየጠበቅኩ ነው።